ማንም ያልተቆጣኝ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የቤቴን ግድግዳ ጀሶ የሚቀባ ባለሙያ አስመጥቼ ነበር። ሰውዬው ነጩን ዱቄት ሳፋ ውስጥ ገልብጦ ውሃ ሲያፈስበት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀለም እያማረጥኩ ነው። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የቀለሙን ነገር ረሳሁት። የእርጥብ ጠመኔ ሽታ ነው፤ ትንሽም የሆስፒታል ኮሪደር አለበት። ብቻዬን ሳቅኩ። ባለሙያው ዘወር ብሎ «ምነው እህቴ፣ አበላሸሁ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ የለም ቀጥል፤ ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት። ግራ ገባው መሰለኝ፣ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ፣ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

ወሩ ጥር ነው። ጥር ኮምቦልቻ ውስጥ የሰርግ ወር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የመኪና ጥሩምባ ሳይሰማ አይውልም። አባቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ታናሽ ወንድሜ ሚኪ አራት ዓመቱ ነው። ከእኛ ጎን ባለው ቤት እትዬ ዘሃራ ይኖራሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግጡት ይውላሉ። የግቢያችን አጥር ግንብ ነው፣ ቁመቱ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። የዚህ ሁሉ ታሪክ ጥፋተኛ ያ ግንብ ነው እል ነበር፣ ጥፋተኛዋ እኔ ባልሆን ኖሮ።

የዚያን ቅዳሜ ጥሩምባው ከሩቅ ሲሰማ ሚኪ «እኔም ልይ! እኔም ልይ!» እያለ ቀሚሴን ጎተተኝ። ድንጋይ ላይ ቆሜ አንስቼ ግንቡ ላይ አስቀመጥኩት። «ያዢኝ» አለኝ። «ይዤሃለሁ» አልኩት፣ ሁለት እግሮቹን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ። የሙሽራዋ መኪና በሪባን አጊጦ እኛ በር ላይ ሲደርስ ቀስ አለ። ሙሽራዋ በመስኮቱ አየችን፤ እጇን አወዛወዘችልን። በሕይወቴ ሙሽራ እጇን አወዛውዛልኝ አታውቅም! እልል አልኩ፣ አጨበጨብኩ። ለማጨብጨብ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል።

ሚኪ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው ድንጋይ ወደቀ። መጀመሪያ ጮኸ። አባዬ ከቤት ወጥቶ ሊያነሳው ሲሞክር ደግሞ ጩኸቱ ድንገት ተቋረጠና ዓይኑ ተከደነ። እማዬ በባዶ እግሯ እየሮጠች ባጃጅ አስቆመች። እዚያው ከተማችን ያዩት ሐኪሞች የታፋው አጥንት ተሰብሯል ብለው በዚያው ቀን ወደ ደሴ ላኩት። እኔ እትዬ ዘሃራ ጋ ቀረሁ። ሚኪን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እንደዚያ ነው፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ አንገቱ በአባዬ ክንድ ላይ ወድቆ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር፣ አለበለዚያ የሠራሁት ሥራ ሁሉ የእብድ ይመስላል። እኛ ዘንድ ሞት በድንገት አይነገርም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ብርቄ ቢስቲማ ከተማ ያለ ወንድማቸው ሞቶባቸው ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት ሰምቷል፤ እሳቸው ብቻ አልሰሙም። እነዚያን ሦስት ቀናት ሰው ሁሉ ለእትዬ ብርቄ ማር ሆነላቸው። አንዷ ምግብ ሠርታ ትመጣለች፣ ሌላዋ ልብስ ላጥብልዎት ትላለች፤ «ወንድሜ እንዴት ሆነ ይሆን?» ሲሉ «ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው» ይባላሉ። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው በራቸውን አንኳኩ። ጩኸታቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ያንን ሁሉ ከአጥር ላይ ሆኜ ስከታተል ነበርና አንድ ነገር ተማርኩ፤ ሰው ያለወትሮው ደግ ከሆነልሽ፣ የምትወጂው ሰው ሞቷል።

ታዲያ እሁድ ማታ ላይ አባዬ ከደሴ ሲመለስ አስቡት። ጢሙን አልተላጨም፣ ዓይኑ ደም መስሏል። «ሚኪስ?» አልኩት። «ደህና ነው። እግሩን ትንሽ አሞት ነው። እማዬ አብራው ትቆያለች» አለኝ። ትንሽ አሞት! ይህን ብሎ ራሴን ዳበሰኝና ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ሰጠኝ።

አባዬ በቁጣው የታወቀ ሰው ነበር። ክፉ አይደለም። በር ክፍት ከተውኩ ይቆጣል፣ ጫማ አዟዙሬ ካደረግኩ ይቆጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይረሳዋል። የፋብሪካው ማሽን ጆሮውን ስላደከመው የቁጣው ድምፅ ከግቢ አልፎ አስፋልት ድረስ ይሰማል። ያን ቀን ግን ስለ ግንቡ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማን አወጣው፣ ማን ለቀቀው ብሎ አልጠየቀኝም። ሙሉ ሌሊቱን ሲቆጣኝ ምን እንደምል ሳዘጋጅ አድሬ ነበር፤ ሳይጠይቀኝ ቀረ። ብርቱካኑን አልበላሁትም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ይባስ ብሎ አስተማሪያችን የቤት ሥራ አለመሥራቴን አይታ «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ነገ ትሠሪዋለሽ» አለችኝ። ከትምህርት ስመለስ እትዬ ዘሃራ ጉንጬን ስመው ተምር በእፍኜ ሞሉልኝ። በማግስቱ ፈተና ልፈትናቸው ወሰንኩ። የእማዬን የእንግዳ ብርጭቆ፣ አበባ የተሳለበትንና ማንም እንዳይነካው የተከለከለውን፣ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። አባዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየኝ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩና በክርኔ ገፋሁት።

ተሰበረ። ቀና ብዬ አየሁት። ተቆጣ፣ እባክህ ተቆጣ እያልኩ በልቤ። አባዬ ተነሥቶ መጥረጊያ አመጣና ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን መጥረግ ጀመረ። «ራቅ በይ ልጄ፣ እግርሽን እንዳይቆርጥሽ» አለኝ። እዚያው ቆሜ ቀዘቀዝኩ። በቃ፣ ሚኪ ሞቷል።

ያኔ በግቢያችን ሞባይል ያለው ሰው አልነበረም፤ ደውዬ የማጣራው ነገር አይደለም። ስለዚህ የራሴን መላ ፈጠርኩ። እትዬ ብርቄ የጮኹት ሲነገራቸው ነው። ከመነገሩ በፊት ሻይ እየጠጡ ይስቁ ነበር። ስለዚህ እስካልነገሩኝ ድረስ ሚኪ አልሞተም፤ የኔ ሥራ ደግሞ እንዳይነግሩኝ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የሮጥኩትን ያህል በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አብረው ወደ ቤት ከገቡ እኔ በጓሮ እወጣለሁ። አስተማሪያችን በለሆሳስ «ትዕግሥት፣ ነይ እስቲ» ስትለኝ ወደ ሽንት ቤት ፈረጠጥኩ። አባዬ «ልጄ፣ ስለ ሚኪ...» ብሎ ሲጀምር ጮክ ብዬ የማባዣ ሠንጠረዥ መቁጠር ጀመርኩ። እሱም «ጎበዝ» አለኝ። ጎበዝ! እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ማታ የሚኪን የቆርኪ ጣሳ አልጋዬ ሥር አስገብቼ እተኛለሁ። ሚኪ ከየመንገዱ የለቀመውን የለስላሳ ቆርኪ የሚያጠራቅምበት የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። በየቀኑ እስከ አስር ቆጥሮ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ከእሱ በቀር ማንም መንካት አይችልም፤ የነካ ይነከሳል። ጣሳውን አውጥቼ ቆርኪዎቹን በየቀለማቸው እደረድርና መልሼ እከታቸዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ እትዬ ዘሃራ መርፌያቸው ወደቀባቸውና «ዓይንሽ ደህና ነው፣ ፈልጊልኝ» አሉኝ። መኪናው ሥር ስገባ ጥቁር ፌስታል አገኘሁ። ውስጡ የሚኪ ሰማያዊ ሱሪ ነበር። ለገና ራሳቸው የሰፉለት፣ በወደቀ ቀን የለበሰው። ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በመቀስ ተቀዷል። ከሥሩ አንድ እግር ሰንደል ጫማ አለ። እትዬ ዘሃራ ቀና ሲሉ አዩኝና ፌስታሉን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። «እሱን ተይው፤ ሥራ ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። የሞተ ሰው ልብስ እንደሚቀደድ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን በሕይወት ያለ ሰው ልብስም ለምን ይቀደዳል?

በማግስቱ ማለዳ የግቢው ቧንቧ ጋ ጀሪካን እየሞላሁ ሳለ የበሩ ብረት ተንኳኳ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። የእማዬ ታላቅ ወንድም መምሬ ተሰማ ከኩታበር መጥተዋል፣ ቄስ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ጋቢ፣ ጎህ፣ ሦስት ሽማግሌ! ቧንቧውን እንኳ አልዘጋሁትም። እየበረርኩ እትዬ ዘሃራ ቤት ገባሁ። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን ሰግደው መስገጃቸውን እያጠፉ ነበር። የስፌት መኪናቸው ሥር ገብቼ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

«አትንገሩኝ! እትዬ ዘሃራ፣ እንዳይነግሩኝ ይንገሯቸው!»

«ምኑን ነው የሚነግሩሽ? ማን አባረረሽ ልጄ?»

«የሚኪን ነዋ! እንደሞተ አውቃለሁ። ግን አትንገሩኝ!»

እትዬ ዘሃራ መስገጃቸውን እንደያዙ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ያረቢ! ይቺ ልጅ ወንድሟን ቀብራ ተቀምጣለች እኮ! ወላሂ በሕይወት አለ፣ አፊያ ነው! ማነው ሞተ ያለሽ?»

«ለእትዬ ብርቄም ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው ብለዋቸው ነበር። እርስዎም ብለዋል። ሰምቻለሁ።»

እውነቴን ነበራ። «እሱስ ብያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ብድግ ብለው ነጠላቸውን ከምስማሩ አወረዱ። «እንግዲያው በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ውጪ ከዚያ፤ ጫማሽን አድርጊ።»

አባዬና ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። መምሬ ተሰማ ግራ ገብቷቸው «እናቱን ትናንት ደሴ ጠየቅናት፤ እዚያው ሆጤ ሰፈር እህቴ ቤት አደርን። አባቱን ሳንጠይቅ ብንመለስ ነውር ነው ብለን፣ ፈረቃ ሳይገባ ልንደርስበት በመጀመሪያው መኪና ወረድን፤ ምን አጠፋን?» ይላሉ። አባዬ እኔን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ልውሰዳት ብዬ አስቤ ነበር፤ ሕፃን አያስገቡም ስላሉኝ ነው» አለ። «እሱን ለኔ ተወው» አሉ እትዬ ዘሃራ። ጥቁሩን ፌስታል ብብታቸው ሥር ወሸቁና እጄን ይዘው ወጡ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሽቅብ ነው። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ እኔ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። በየመታጠፊያው ከታች ከተማችን እያነሰች ትታየኛለች። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተደፈነ። «ደረስን?» እላለሁ። «አብሽሪ፣ ደረስን» ይሉኛል። «አሁንስ?» ረዳቱ ስሜን ጠየቀኝና ስነግረው «ትዕግሥት ብለው ያወጡልሽ ሳያዩሽ ነው» ብሎ መኪናውን ሙሉ አሳቀ። እኔ ደስ አለኝ፤ ሚኪ ከወደቀ ወዲህ የቀለደብኝ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ደሴ ስንወርድ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ብርዱ ጉልበቴን ቆረጠው። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አውልቀው እኔን ጠቀለሉኝና እሳቸው በሻሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጡ ሄዱ። የሆስፒታሉ በር ላይ የአስታማሚ ሰልፍ አለ፤ ሁሉም ሳህን በፎጣ ቋጥሮ ይዟል። ዘበኛው እኔን ሲያይ እንጨቱን ዘረጋ።

«ሕፃን አይገባም እናቴ። ደንብ ነው።»

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ወንድሟ የሞተ መስሏት ሁለት ሳምንት እህል በወጉ አልበላችም። አይታው ትወጣለች።»

«እኔስ አዝኛለሁ፤ ደንቡን ያወጣሁት ግን እኔ አይደለሁም።»

እትዬ ዘሃራ አልተጣሉትም፣ አልለመኑትምም። ከሰልፉ ፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲያው እዚሁ ነን። አንተ ደክሞህ ፈረቃ ስትቀይር የሚቀጥለውን እጠይቀዋለሁ» አሉት። ዘበኛው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ቆቡን አስተካከለ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጎን በኩል ዙሩ። ልብሱ የሚሰጣበት ሜዳ አለ፤ የሕፃናቱ ክፍል መስኮት ወደዚያ ነው። እኔ አላየሁም» አለ።

ሜዳው ላይ ነጭ አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። በአንሶላዎቹ መሃል እየተሹለከለክን ፎቁ ሥር ደረስን። እትዬ ዘሃራ የምታልፍ የጽዳት ሠራተኛ ለምነው ላኩ። ጥቂት ቆይቶ አንደኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተና እማዬ ብቅ አለች። ከስታለች። «ትዕግሥቴ!» አለች፣ ሳቀችልኝ። «ሚኪ ደህና ነው! በጣም ደህና ነው!»

ሳቋን አላመንኩትም። ሁሉም ሲስቁልኝ ነው የከረሙት። «አሳዪኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«መነሣት አይችልም የኔ እመቤት። እግሩን በገመድ ሰቅለው የአሸዋ ከረጢት አስረውበታል...»

ሰማችሁ? በገመድ፣ አሸዋ! እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ከእማዬ ጀርባ፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ ቀጭን፣ ጆሮ የሚሰረስር፣ በንዴት የተሞላ ድምፅ የመጣው።

«ትዕግሥት! ቆርኪዬን ነካሽ?»

ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ።

«ነክተሻል አይደል? ሌባ! ስመጣ እነክስሻለሁ!»

ይህን ማንም አስጠንቶ ሊያስብለው አይችልም። ደግ እንዲሆን ማንም ያልነገረው አንድ ሰው፣ እሱ ነው! ከሣሩ ላይ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። «ነክቼዋለሁ! ሁሉንም ነክቼዋለሁ! በየቀኑ ነክቼዋለሁ!» እያልኩ በአንሶላዎቹ መሃል ዘለልኩ፣ አንዱን ከነገመዱ ጣልኩት። ከላይ የሚኪ የንዴት ጩኸት፣ የእማዬ ሳቅ፣ የሌሎች እናቶች ሳቅ ይሰማል። በየመስኮቱ ሰው ብቅ አለ። እትዬ ዘሃራ «አልሃምዱሊላህ» እያሉ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጋሉ። እኔ ዘልዬ ዘልዬ ሲደክመኝ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አለመብላቴ ትዝ አለኝ፤ ሁለት ሳህን ሙሉ ሽሮ ብበላ ደስ ይለኝ ነበር።

የፌስታሉን ምስጢርም ያን ቀን አወቅኩት። ሐኪሞቹ ሱሪውን የቀደዱት እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ለማውለቅ ነው። እትዬ ዘሃራ በዚያው ልክ አዲስ ሰፍተዋል፤ በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ክፍት ሆኖ በማሠሪያ የሚቋጠር፣ እግር ተሰቅሎም ጀሶ ታሥሮም የሚለበስ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወስዳ ስትሰጣቸው ሌሎቹ እናቶች ተቀባበሉት። ኮምቦልቻ ከተመለስን በኋላ የእትዬ ዘሃራ መኪና ለማላውቃቸው የደሴ ልጆች ጎነ ክፍት ሱሪ ሲሰፋ ሰነበተ።

ሚኪ ወደ ቤት የመጣው ሁዳዴ ከተያዘ በኋላ ነው። ከወገቡ እስከ እግሩ ጣት ነጭ ጀሶ ሆኖ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተንጋልሎ። መላው ሰፈር ወጣ፣ እልልታው ቀለጠ። አራት ሰው ተሸክሞ ሲያስገባው እንደ ንጉሥ ግራና ቀኝ ያያል። ጀሶው ገና ጠረኑ አለቀቀውም ነበርና ቤታችን ሁሉ ያንን ሸተተ። አፍንጫዬን ጀሶው ላይ ለጥፌ አሸትተው ነበር፤ ለኔ ሚኪ አልሞተም የሚል ሽታ ነበር። በእስክሪብቶ አበባ ሳልኩበት። እሱ ደግሞ ያሳክከዋል፤ «እከኪልኝ» ይለኛል፣ የእትዬ ዘሃራን የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽ ሰርቄ በላይ በኩል አስገብቼ ስፎክትለት ዓይኑ በደስታ ይከደናል። እማዬ ስትይዘን ኪሮሹን ቀማችኝ፤ እሷም ግን አልተቆጣችም። ከዚያ ሁለት ቆርኪ ጠፋብኝ ብሎ አመሰኝ። ሌባ፣ ሌባ፣ ሌባ! እኔ በደስታ ተሰደብኩ።

አባዬ ግን አሁንም አይቆጣም ነበር። ይህ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ሞት አለመኖሩን አረጋግጫለሁ፤ ታዲያ ለምን ጀሪካን ስደፋ «ግድ የለም» ይለኛል? ሌላ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ ቀን እማዬ ለእትዬ ዘሃራ «እግሩ እንዳያጥርበት ነው የምፈራው፤ ሐኪሙ ጀሶው ሲፈታ እናያለን ነው ያለኝ» ስትል ሰማሁ። ይኸው። ሚኪ አይሄድም ማለት ነው። ያም የሆነው ሙሽራ አይቼ ስላጨበጨብኩ ነው።

ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀሶው ደሴ ላይ በመጋዝ ተቆረጠ። እማዬ እንደነገረችን ሲከፈት ሁለት ቆርኪ ከውስጡ ወደቀ፤ ሐኪሙም በሳቅ ሞተ። ሚኪ ግን ይቅርታ አልጠየቀኝም። እግሩ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተላልጦ ነበር፤ ርዝመቱ ግን ደህና ነው ተባለ። አሁን የቀረው መርገጥ ብቻ ነው።

አልረግጥም አለ። ሲያቆሙት እግሩን አጥፎ የእማዬ ቀሚስ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያለቅሳል። እትዬ ዘሃራ ተምር ይዘው «ና የኔ ሸጋ፣ ሁለት እርምጃ» ይሉታል። መምሬ ተሰማ ከኩታበር ጠበል ይዘው መጥተው በለሆሳስ ለመኑት። አባዬ፣ ያ ድምፁ አስፋልት ድረስ የሚሰማው አባዬ፣ በየማታው ግቢው መሃል ተንበርክኮ ብስኩት ዘርግቶ «ና የኔ ጌታ፣ ና የኔ አንበሳ» ይላል። በለመኑት ቁጥር የሚኪ ዓይን እየፈጠጠ፣ እየፈራ ይሄዳል። አንድ ሳምንት፣ አሥር ቀን። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ሁሉም እንዲህ ደግ ከሆኑልኝ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ እያለ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማዬ ልብስ ታጥባለች፣ አባዬ ከፈረቃ አልተመለሰም። ሚኪ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የቆርኪ ጣሳውን ከጎኑ ብድግ አድርጌ ግቢው መሃል ሄጄ ቆምኩ። ጣሳውን ነቀነቅኩት።

«አምጪ!» አለኝ።

«አላመጣም። ለሰፈር ልጆች ላድለው ነው።»

«እማ! ቆርኪዬን!» እማዬ እጇ አረፋ እንደሞላ ቀና ብላ «ተይው እንጂ ትዕግሥት» አለች፣ ያንኑ ለስላሳ ድምፅ ይዛ።

አንድ ቆርኪ አወጣሁ፤ በግንቡ ላይ አሻግሬ ወረወርኩት፣ በዚያው በወደቀበት ግንብ ላይ። መንገዱ ላይ ቅጭል ሲል ተሰማ። «አንድ!» አልኩት። «ነካሁት፣ ምን ታመጣለህ?» ሁለተኛውን ወረወርኩ። የሚኪ ፊት ቀላ፤ ጩኸቱ ግቢውን አናወጠው። ሦስተኛውን ሳነሣ ወርዷል። አግዳሚውን ይዞ ቆሟል። ለቀቀው። እማዬ ከሳፋው ላይ ልትነሣ ስትል እጄን ዘርግቼ አስቆምኳት። አንድ። ቀጭኗ እግሩ ተንቀጠቀጠች። ሁለት፣ ሦስት፣ እያነከሰ፣ እንባው እየወረደ፣ ጡጫውን ጨብጦ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ። መሸሽ ነበረብኝ፤ እግሬ እንቢ አለኝ። በደስታ ደንዝዤ ጣሳውን አቅፌ ቆምኩ። በሰባተኛው እርምጃ ደረሰብኝና ቃሉን ጠበቀ፤ ክንዴን በጥርሱ ያዘ። በጣም ያማል። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የግቢው በር የተከፈተው ያኔ ነው። አባዬ ሁለት ቆርኪ በእጁ ይዞ ገባ፤ አንዱ ሳይመታው አልቀረም። ያየው እኔ ጣሳ አቅፌ፣ ሚኪ እየጮኸ ነው። ሚኪ ቆሞ መሆኑን ገና አላስተዋለም።

«አንቺ!» አለ። ድምፁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው፤ እትዬ ዘሃራ መኪናቸውን አቆሙ። «የታመመ ልጅ ታስለቅሻለሽ? አይበቃሽም? ማን ግንብ ላይ ስቀዪው አለሽ? ሕፃን ልጅ ግንብ ላይ አውጥቶ ይለቀቃል? የእናትሽንስ ብርጭቆ እያየሁሽ አልገፋሽውም? ዝም ባልኩሽ...»

ድንገት ቆመ። ዓይኑ ከእኔ ወደ ሚኪ፣ ከሚኪ ወደ ባዶው አግዳሚ ሄደ። ቆርኪዎቹ ከእጁ ወደቁ። እማዬ ሳፋው ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ ከክንዴ ላይ ሚኪን ሳላላቅቅ አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። ከጥር ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ነገር ግማሽ ላይ ተቋርጦብኛል።

«ቀጥል አባዬ» አልኩት። «ስለ ግንቡ ጨርስልኝ።»